አንድ ሐይቅ ምረጡ፦ የባውንደሪ ዋተርስን ታሪክ ከመጻሕፍት እንዴት እንደማነብ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰመር፣ ትልቋ ልጄ ከእኩዮቿ ጋር ታንኳ ስትቀዝፍ አምስት ቀን ጫካ ሰንብታ መጣች። ፊቷን ትንኝ ጨርሶታል። ትከሻዋ ተልጧል። ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ እንደቆመች፣ "አባዬ፣ አስጎብኚያችን እዚህ አገር ሰው ኖሮ አያውቅም አለን" አለችኝ።

"እሺ።"

"ግን ገደሉ ላይ ሥዕል አሳየን እኮ። ቀይ ሥዕል። ሰው አለ፣ ታንኳ አለ፣ ሙስ የሚባለው ትልቅ አጋዘን አለ። ማንም ካልኖረ ማን ሳለው?"

መልስ አልነበረኝም። እኔ ሴንት ፖል ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ጠዋት ተማሪዎቹን ካደረስኩ በኋላ እስከ መመለሻው ድረስ ብዙ ሰዓት አለኝ። ያንን ሰዓት ስልክ ላይ ነበር የምፈጀው። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በቆመው አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለዚያ አገር ሳነብ ከረምኩ። መጻሕፍቱ ከሃያ አልፈዋል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ያህል በከንቱ ነው ያነበብኳቸው። ከሽፋን እስከ ሽፋን ጨርሼ ስከድናቸው የሚተርፈኝ "ድሮ ፈረንሳዮች በታንኳ ያልፉ ነበር" የምትል ጭጋግ ብቻ ነበረች። ጥፋቱ የመጻሕፍቱ አልነበረም። አነባበቡን አላወቅሁበትም። አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ባውንደሪ ዋተርስ የሚኒሶታ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው፤ ከካናዳ ድንበር ጋር የተያያዘ የሐይቅና የጫካ አገር። ስፋቱ 1.1 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነው። ሐይቆቹ ከ1,000 ይበልጣሉ። ከድንበሩ ማዶ፣ በኦንታሪዮ በኩል፣ ክዌቲኮ የሚባል ፓርክ አለ። ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው፤ መጻሕፍቱም አብረው ነው የሚያነሷቸው። ሰው የሚጓዘው በታንኳ ነው። ሐይቁ ሲያልቅ ታንኳውን አናቱ ላይ ተሸክሞ በእግሩ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይሻገራል። ያ የእግር መንገድ ፖርቴጅ ይባላል። ታንኳ ስላችሁ የጣናዋን የደንገል ታንኳ አታስቡ። የድሮው እዚህ የሚሠራው ከበርች ዛፍ ቅርፊት ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ሐይቅ

ሁሉንም ላንብብ ብላችሁ አትነሡ። አንድ ሐይቅ ምረጡ። ከዚያ በኋላ እጃችሁ የገባ መጽሐፍ ሁሉ ስለዚያ ሐይቅ ይመስክር። እኔ መጽሐፍ ሳነሣ መጀመሪያ የምገልጠው ከኋላ ያለውን የስሞች ማውጫ ነው። የሐይቄን ስም እፈልጋለሁ። ያለበትን ገጽ አነባለሁ። ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም እየሰፋሁ እሄዳለሁ። ማውጫ የሌለው የታሪክ መጽሐፍ ከሆነ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ምናልባት ጥሩ መጽሐፍ አምልጦኝ ይሆናል፤ ይሁን።

የእኔ ሐይቅ ናይፍ ሌክ ነው። የቢላዋ ሐይቅ ማለት ነው። የመረጥኩት ልጄ ስላደረችበት እንጂ ሌላ ጥበብ ኖሮኝ አይደለም። ኋላ ሳየው ግን ዕድል ቀንቶኛል። ድንበሩ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል፤ አንዱ ዳር ሚኒሶታ፣ አንዱ ዳር ኦንታሪዮ። ዳርቻው ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ሲሰበር ጠርዙ ስለት ያወጣል። የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩት ከዚህ ድንጋይ ነው። አርኪዮሎጂስቶችም ድንጋዩ ይፈለጥበት የነበረውን ቦታ እዚያው ሐይቁ ዳር አግኝተዋል። "ሰው ኖሮ አያውቅም" የሚለው ወሬ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ከዚያ ቢቨር የሚባለውን የውኃ እንስሳ ቆዳ የጫኑ የነጋዴ ታንኳዎች በዚሁ ሐይቅ አለፉ። ከዚያ ዲፕሎማቶች ድንበር አሰመሩበት። ከዚያ ዶሮቲ ሞልተር መጣች።

እዚች ሴት ላይ ትንሽ ልቆይ። ቺካጎ ነርስነት የተማረች ሴት ናት። ናይፍ ሌክን መጀመሪያ ያየችው በ1930 ነው። ወደደችውና ቀረች። ደሴቶቹ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነበረች። ባለቤቱ በ1948 ሲሞት ለእሷ ተወላት። በክረምት ከሐይቁ በረዶ እየቆረጡ ያስቀምጣሉ፤ በሰመር እሷ ሩት ቢር የሚባለውን ለስላሳ መጠጥ በሐይቁ ውኃ ጠምቃ፣ በዚያ በረዶ አቀዝቅዛ፣ ቀዝፎ ለሚደርስ ሰው ሁሉ ታቀርባለች። ቅርቡ መንገድ 15 ማይል ያህል ይርቃል። በ1952 አንድ ትልቅ መጽሔት "ከአሜሪካ ሴቶች ሁሉ ብቸኝነት የበዛባት" ዓይነት ርዕስ ሰጥቶ ጻፈባት። በየሰመሩ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በደጇ ያልፍ ነበር እኮ! ይህ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ ርዕስ የሚጽፈው ሰው ቦታውን አላየውም።

በ1949 ፕሬዝዳንት ትሩማን አውሮፕላን በዚያ ሰማይ ዝቅ ብሎ እንዳይበር አዘዙ። ከባሕር ጠለል 4,000 ጫማ በታች ክልክል ሆነ። እንግዳዋም ዕቃዋም በአውሮፕላን መምጣቱ ቀረ። ቀጥሎ መንግሥት በውስጥ ያሉትን ማረፊያዎች እየገዛ ማስወጣት ያዘ። እሷም ውጪ ተባለች። ወዳጆቿ ጮኹላት፤ ዕድሜ ልኳን እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። በ1986 ታኅሣሥ ወር ሞተች። ጎጆዎቿ ተነቅለው በውሻ በሚጎተት ሸርተቴና በስኖሞቢል በበረዶ ላይ ወጡ። ዛሬ ኢሊ ከተማ ውስጥ ሙዚየም ናቸው።

ልብ በሉ። አንድ ሐይቅ ላይ፣ አንዲት ሴት ላይ ቆሜ፣ የአውሮፕላኑን እገዳም የመሬት ግዢውንም የዱር አገር ሕጉንም አገኘኋቸው። ስለ እሷ ቦብ ኬሪ የተባለ የኢሊ ጋዜጠኛ በ1993 "ሩት ቢር ሌዲ" የሚል መጽሐፍ አውጥቷል። ወዳጇ ነበር። የወዳጅ መጽሐፍ ነው፤ ስታነቡት ይህን አትርሱ።

እናንተ ሌላ ሐይቅ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ምርጫ ከቸገራችሁ ድንበሩ ላይ ካሉት አንዱን ውሰዱ፤ ሳጋናጋ፣ ባስዉድ ወይም ላክ ላ ክሮይ። የድንበር ሐይቅ ብዙ ተጽፎበታል። ውስጥ ለውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ግን በመጽሐፍ ብዙ አይገኙም።

ካርታው ከመጽሐፉ ይቅደም

ካርታ ሳይዙ እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ ዘፈን በጽሑፍ እንደ ማንበብ ነው። ለታንኳ ተጓዦች የሚሸጠውን ዓይነት ካርታ ግዙ፤ ፖርቴጆቹን ከነርዝመታቸው የሚያሳየውን። ስልክ ላይ ያለው ካርታ አይሆንም። ሐይቁን ያሳያችኋል፣ ፖርቴጁን ግን አያሳያችሁም፤ ታሪኩ ያለው ደግሞ ፖርቴጁ ላይ ነው።

ካርታው ላይ ርዝመቱ በሮድ ተጽፎ ስታገኙት አትደንግጡ። እኔ መጀመሪያ "ሜትር ነው" ብዬ አልፌው ነበር። አንድ ሮድ 16.5 ጫማ ነው፤ አምስት ሜትር ማለት ይቻላል። 320 ሮድ አንድ ማይል ይሞላል። ታንኳ ራሷ ከአንድ ሮድ ብዙ አትለይም። ስለዚህ "80 ሮድ" የሚል ስታዩ ሰማንያ ታንኳ ተቀጣጥሎ ይታያችሁ።

ሁለተኛው መሣሪያ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ሐይቅ ሁለት ሦስት ስም አለው። የአገሩ ነባር ሕዝብ ኦጂብዌዎች ያወጡለት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቀዛፊዎች የጠሩት፣ ከዚያ ዛሬ ካርታው ላይ ያለው እንግሊዝኛው። የዛሬው ባስዉድ በአሮጌዎቹ መጻሕፍት "ቧ ብላን" ነው፤ ነጭ እንጨት ማለት ነው። የዛሬው ሬኒ ሌክ "ላክ ላ ፕሉዊ" ነው። እኔ አንድ ወር ሙሉ አንድ የ1801 መጽሐፍ ውስጥ ባስዉድን ስፈልግ አጥቼ "ይህ ሰውዬ እዚህ አልደረሰም" ብዬ ደምድሜ ነበር። ደርሷል። በሌላ ስም ነው የጠራው። ከዚያ ወዲህ ለየሐይቁ አንድ መስመር አለኝ፤ አዲስ ስም ባገኘሁ ቁጥር እጨምራለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ሰው ሲጠይቀኝ ግሬስ ሊ ኑትን ነው የምሰጠው። የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር የእጅ ጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ነበረች። በ1931 "ዘ ቮያዠር"ን ጻፈች። ቮያዠር የሚባሉት እነዚያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቀዛፊዎች ናቸው። ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ ምን እንደሚዘፍኑ እዚያ አለ። በ1941 ደግሞ ስለዚህ ስለ ድንበሩ ሐይቆች አገር "ዘ ቮያዠርስ ሀይዌይ" አወጣች። ቀጭን ናት። በሁለት ቀን የእረፍት ሰዓቴ ጨረስኳት። ከቀጭኗ ጀምሩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቆዳ ነጋዴውና ተጓዡ አሌክሳንደር ማኬንዚ ሂዱ። በ1801 ለንደን ላይ የታተመ የጉዞ መጽሐፍ ነው። የባለመብት ዘመኑ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይነበባል። ሙሉውን አታንብቡ። መጀመሪያ ላይ የቆዳ ንግዱን ታሪክ የሚተርክበት ክፍል አለ፤ እሱ ይበቃችኋል። መንገዱን ሐይቅ በሐይቅ፣ ፖርቴጅ በፖርቴጅ ይቆጥረዋል። ካርታውን ዘርግታችሁ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አንብቡት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር ዛሬ ካርታው ላይ ካለው ፖርቴጅ ጋር ሲገጥም የእጄ ጠጉር ቆመብኝ ብል አላጋነንኩም።

እዚያው ውስጥ ስለ ግራንድ ፖርቴጅ የሚለውን አታምልጣችሁ። ከሱፒሪየር ሐይቅ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የእግር መንገድ ነው፤ 8.5 ማይል ይረዝማል። በሮድ ስመታው 2,720 ሆነ። እስከ 1803 ድረስ የቆዳ ነጋዴው የኖርዝ ዌስት ኩባንያ ዋና መሰብሰቢያ መነሻው ላይ ነበር። አንዱ ጥቅል 90 ፓውንድ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ሁለት ይሸከማል። በኪሎ ሰማንያ ሁለት ይጠጋል፤ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ማኬንዚ ሁለት ጥቅል ተሸክመው ሄደው፣ ሌላ ሁለት ተሸክመው በስድስት ሰዓት የሚመለሱ ሰዎች አውቃለሁ ይላል። እውነት ነው? ተረኪው የኩባንያው ሸሪክ ነው። ሠራተኛው ራሱ ቢጽፈው ስለ ወገቡ ምን ይለን ነበር? አብዛኞቹ መጻፍ አይችሉም ነበርና አልጻፉም። መጽሐፉን ስታነቡ ይህ ቀዳዳ ይታያችሁ።

ቀዳዳውን ትንሽ የሚደፍነው የውኃ ውስጥ ሥራ ነው። በ1960 ጠላቂዎች ግራናይት ወንዝ ላይ፣ ሆርስቴል የሚባለው ፏፏቴማ ቦታ ሥር፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካኩ 17 የናስ ድስቶች አገኙ። ታንኳ ተገልብጦ የሰመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ በብዙ ወንዞች ሥር ፍለጋው ቀጠለ። በ1975 የታሪክ ማኅበሩ ውጤቱን "ቮይስስ ፍሮም ዘ ራፒድስ" ብሎ አሳትሟል። ፎቶው ብዙ ስለሆነ ልጆቼም የገለጡት እሱን ብቻ ነው። የነጋዴው ደብተር ምን እንደ ተጫነ ይነግራችኋል። የወንዙ ሥር ምን ሳይደርስ እንደ ቀረ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ልጄ ጥያቄ። ሥዕሉን የሣሉት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ቀለሙ ብረት ካለበት ቀይ አፈር የተሠራ ነው። አኒሺናቤዎች፣ ወይም ኦጂብዌዎች፣ ዛሬም እዚያው አካባቢ አሉ። ግራንድ ፖርቴጅ ላይ አሉ፣ ቦይስ ፎርት ላይ አሉ፣ በካናዳ በኩል ላክ ላ ክሮይ ላይ አሉ። ባነበብኳቸው አሮጌ መጻሕፍት ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። ታንኳውን ሠርተው፣ መንገዱን አሳይተው፣ ማኖሚን የሚሉትን የዱር ሩዝ ሸጠው፣ ከዚያ እንደ ጉም ይበናሉ። ስለዚህ አንድ ልማድ አበጀሁ። እያንዳንዱን መጽሐፍ ስጨርስ ወደ ማውጫው እመለስና ኦጂብዌ የሚለው ቃል ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሚቆም አያለሁ። ያንን ቁጥር ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። አንዳንዴ ቁጥሩ ከመጽሐፉ በላይ ይናገራል።

ይህን ለማቃናት ሦስት ነገር አንብቡ። አንደኛ፣ ዊልያም ዋረን። በእናቱ በኩል ኦጂብዌ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ከሽማግሌዎቹ እየጠየቀ ጻፈ። በ1853 በ28 ዓመቱ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1885 ነው። ስለ ድንበሩ ሐይቆች የሚለው ብዙ አይደለም፤ ግን ወደዚያ የመጡት እነማን እንደሆኑ ይነግራችኋል። ሁለተኛ፣ የ1854ን የላ ፖይንት ስምምነት ራሱን። አጭር ሰነድ ነው። መሬቱ በዚያ ስምምነት ከኦጂብዌዎች ወደ አሜሪካ መንግሥት ተላለፈ፤ የማደንና ዓሣ የማጥመድ መብቱ ግን እንደተጠበቀ ቀረ፤ ዛሬም ይሠራል። ሦስተኛ፣ ጀስቲን ከርፉት በ1986 ያወጣችው የሕይወት ታሪኳ። ጋንፍሊንት ሐይቅ ላይ ማረፊያ ነበራት። ጎረቤቶቿ ኦጂብዌዎች ነበሩ፣ እነሱም አስተማሯት። በእሷ መጽሐፍ ውስጥ ስም አላቸው፣ ይቀልዳሉ፣ ይቆጣሉ። ደስ ይላል።

በክዌቲኮ በኩል ያለው ደግሞ መራራ ነው። ፓርኩ በ1913 ተቋቋመ። ውስጡ የስተርጀን ሌክ ኦጂብዌዎች የሚባሉት ርስት ነበረ፤ በ1915 ተሰረዘ። "ሰው ያልኖረበት" የሚለው ቃል አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ጠቡን ስታነቡ

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ ስትደርሱ መጽሐፉ ሁሉ ስለ ጠብ ይሆናል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያቆማል፤ የሕግ ስም ይበዛል። እኔ የአውቶቡሱ ጋቢና ላይ አንድ ካርድ ለጥፌ ነው ያለፍኩት፦ 1909 የሱፒሪየር ብሔራዊ ደን ተከለለ። 1925 ባለፋብሪካው ባከስ ግድቦች ልሥራ አለ። 1930 ሕግ ወጣ። 1934 ግድቡ ውድቅ ሆነ። 1949 አውሮፕላን ታገደ። 1964 ዱሩ እንዳይነካ የሚጠብቀው የዱር አገር ሕግ። 1978 ሞተር ጀልባን የገደበው የዛሬው ሕግ። በቃ። ሌላው በእነዚህ መሐል ይገባል።

ለባከስ ጠብ የኒዌል ሰርልን "ሴቪንግ ክዌቲኮ ሱፒሪየር" ውሰዱ፤ የ1977 ነው። ዝርዝር ነው፤ የግርጌ ማስታወሻው ሀብት ነው። ኤድዋርድ ባከስ የወረቀት ፋብሪካ ነበረው። ሬኒ ሌክ ተፋሰስ ላይ ሰባት ግድብ ሊሠራ አሰበ። ሐይቆቹ ሊሞሉ፣ ፏፏቴዎቹ ሊሰጥሙ ሆነ። የተነሣበት ኧርነስት ኦበርሆልዘር የሚባል ቀጭን፣ አጭር ሰው ነው። በ1912 ከኦጂብዌው ቢሊ ማጊ ጋር ወደ ሰሜን እስከ ሀድሰን ቤይ በታንኳ ተጉዟል፤ 2,000 ማይል ያህል። ይህን የታንኳ ጉዞ ሳላነብ የግድቡን ክርክር ሳነብ ሰውየው ለምን እንዲያ እንደሚንገበገብ አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ጉዞውን አስቀድሙ።

የ1930ው ሕግ ላይ አንድ ነገር አስቂኝ ነው። ከሐይቁ ዳር 400 ጫማ ውስጥ ዛፍ መቁረጥን ከለከለ። ከዚያ በስተጀርባ ግን ቆረጣው ቀጠለ። ቀዛፊው ከታንኳው ላይ ሆኖ ደን ያያል፤ ደኑ ግን መጋረጃ ነው። የዚያን ዘመን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍ ስታነቡ "ያልተነካ ደን" የምትል ቃል ካገኛችሁ፣ ጸሐፊው ከዳር 400 ጫማ ገብቶ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ።

1978 ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። በብዛት የምታገኙት መጽሐፍ "ትራብልድ ዋተርስ" ነው፤ በ1995 የወጣ። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ስብሰባው፣ ድምፅ ቆጠራው ሁሉ አለ። ግን የጻፉት ትግሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ያውም አሸናፊው ወገን። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማይሮን ሃይንዝልማን የደን ሳይንቲስት ነው። ከጡረታ በኋላ የዱር አገሩ ደጋፊዎች ማኅበር መሪ ሆነ። እሱ ራሱ በ1996፣ ከሞተ በኋላ፣ የወጣለት ትልቁ የሥነ ምህዳር መጽሐፍ ባለቤት ነው። ዛፍ ላይ የቀረ የእሳት ጠባሳ እየቆጠረ ደኑ መቼ እንደ ተቃጠለ አወቀ። 1863 እና 64፣ 1875፣ 1894 ትልልቆቹ ናቸው። ለታሪክ አንባቢ ይህ ከወርቅ ይበልጣል፤ የምታዩት ጥድ የስንት ዓመት ልጅ እንደሆነና ለምን እዚያ እንደቆመ ይነግራችኋል። በ1999 ሐምሌ 4 የመጣው ማዕበልና የ2011ዱ የፓጋሚ ክሪክ እሳት ግን ከእሱ በኋላ ናቸው። የኅትመቱን ዓመት ሁሌ እዩ።

ተሸናፊውስ? ኢሊ ውስጥ በሞተር ጀልባ፣ በእንግዳ ማረፊያና በእንጨት ሥራ የሚኖር ሕዝብ ነበር። በ1977 ሐምሌ በከተማዋ በተደረገው የምስክርነት ስብሰባ ላይ የሲገርድ ኦልሰንን አሻንጉሊት ሠርተው ሰቀሉ። ኦልሰን የሩቅ ሰው አልነበረም፤ የዚያው ከተማ ነዋሪ፣ የዚያው አገር ዝነኛ ጸሐፊ ነው። የሰቀሉት ጎረቤቶቹ ናቸው። እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ልጄ ያየችውን ያየችው በእሱ ነው። ግን ቤቱን ሽጥና ውጣ የተባለ ሰው ምን እንደሚሰማው ለመረዳት የግድ አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም። የእነዚህን ሰዎች ድምፅ በመጽሐፍ ብዙ አላገኘሁትም። ያገኘሁት በአሮጌ ጋዜጣ ነው። የታሪክ ማኅበሩ የሚኒሶታን ጋዜጦች በነፃ የሚያስነብብበት ድረ ገጽ አለው። "ሞተር" የሚለውን ቃልና የሐይቃችሁን ስም አብራችሁ ፈልጉ። ለአዘጋጁ የተጻፉ ደብዳቤዎችን አንብቡ። ስድቡ ያስቃል፣ ሐዘኑም እውነተኛ ነው።

የኦልሰንን ነገር ካነሣሁ አይቀር፦ "ዘ ሲንጊንግ ዊልደርነስ" ውብ ነው፤ የ1956 ነው፤ ታሪክ ግን አይደለም። "ዘ ሎንሊ ላንድ" ደግሞ ጭራሽ ሌላ አገር ነው፤ ካናዳ ውስጥ ስላለው ስለ ቸርችል ወንዝ። እኔ ሽፋኑ ላይ ታንኳ አይቼ ገዛሁት፤ ናይፍ ሌክን ስፈልግ ግማሽ መጽሐፍ ሄድኩ።

መጽሐፉን ማግኘት

አትግዙ። መጀመሪያ ላይብረሪ። ያላችሁበት ቅርንጫፍ ከሌለው በኤምኤንሊንክ በኩል ከሌላ የሚኒሶታ ላይብረሪ ያስመጣላችኋል። የላይብረሪ ካርድ ያላችሁ ሁሉ መብቱ አላችሁ፤ ብዙ ወገኖቻችን ግን አያውቁትም። ማበደር ለማይፈቀዱት አሮጌዎች ሴንት ፖል የሚገኘው የታሪክ ማኅበሩ ጌል ላይብረሪ ሂዱ። እስክሪብቶ አያስገቡም፤ እርሳስ ያዙ።

ያገለገለ መጽሐፍ ከኢንተርኔት ከገዛችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ካርታው አለ ወይ? እኔ አንድ ሻጭ "ሁኔታው በጣም ጥሩ" ብሎ የላከልኝ መጽሐፍ የኋላ ኪሱ ባዶ ነበር። ታጥፎ የሚቀመጠው ካርታ ወጥቷል። ብመልሰው የመላኪያው ዋጋ ከመጽሐፉ ይበልጣል ተባልኩና ዋጥኩት።

ወደ ጫካው ስትሄዱ ደግሞ መጽሐፉን ይዛችሁ አትሂዱ። ባለፈው ዓመት ልጄ ናይፍ ሌክ ወሰደችኝ። እኔ ዋና አልችልም፤ ሕይወት አድን ጃኬቴን ተኝቼም አላወለቅሁም ብላ ዛሬም ትስቅብኛለች። የላይብረሪውን መጽሐፍ ታንኳው ወለል ላይ አስቀምጬ ነበር። ሁለተኛው ፖርቴጅ ስንደርስ አብጦ እንጀራ መስሏል። 28 ዶላር ከፈልኩ። አሁን የማደርገው ይህ ነው፦ ስለምሄድበት ሐይቅ የሚያወሩትን አራት አምስት ገጾች ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። ዚፕ ባለው የላስቲክ ከረጢት አሽጌ ካርታው ላይ አስራለሁ። ፖርቴጁ ጫፍ ላይ ታንኳውን አውርደን ስናርፍ ልጄ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ድንጋዩን አያለሁ።